ሞተር የተገጠመለት ሳይክል ጉልበት ሲያጣ፦ ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ከመፍታትህ በፊት

ሞተሩ ይነሳል። ሜዳው ላይም ደህና ይሄዳል። ትንሽ ዳገት ሲያይ ግን ያቃስታል፤ አንተም ፔዳል እየረገጥክ ታግዘዋለህ። ጋራዥ ስትወስደው መልሱ የታወቀ ነው። «ወንድሜ፣ ፋሻው አልቋል፤ መከፈት አለበት።»

አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ያለው ቶሎ ተፈትቶ በሚታይ ነገር ላይ ነው፦ የተደፈነ ማጣሪያ፣ ውሃ የገባበት ቤንዚን፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል)፣ በጥላሸት የታፈነ ማርሚታ (የጭስ መውጫው)። ስለዚህ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምር፤ ሞተር መክፈት መጨረሻ ይሁን። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሦስት ነገር አንድ ላይ ነካክተህ ሳይክሉ ቢሻለው የቱ እንዳዳነው አታውቅም።

የማወራው ፍሬሙ መሃል ላይ ስለሚታሰረው፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎለት ስለሚሠራው ትንሽ ቱ ስትሮክ ሞተር ነው። በገበያ 48 ሲሲና «80 ሲሲ» ተብሎ ይሸጣል። «80 ሲሲ» የሚባለው ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ሂሳቡን ሥራው፤ የሚወጣው 66 ሲሲ ነው። የ80 ሲሲ ጉልበት ጠብቀህ ካጣህ፣ ሳይክሉን አትውቀሰው።

መጀመሪያ ከፍታው የሚወስደውን ጉልበት አስብለት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነች። ደብረ ማርቆስ 2,400ን ታልፋለች፤ እንጅባራ ከዚያም ከፍ ትላለች። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን 80 በመቶ ያህል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 75 በመቶ ገደማ። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ 2.5 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 2 ያህል ይቀረዋል፤ ማርቆስ ላይ ደግሞ ከ2 በታች ይወርዳል። ይህን ማንም ሜካኒክ አይመልስልህም።

እንግዲህ ራስህን ጠይቅ። ድካሙ መቼ ጀመረ? ከተገዛ ጀምሮ እንዲህ ከሆነ ከፍታው ነው፣ ወይም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡራተሩ ልክ ነው። ቀስ በቀስ ከመጣ ማጣሪያውን፣ ማርሚታውንና ፋሻውን ጠርጥር። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ድንገት ከደከመ ቤንዚኑ፣ ሽቦው፣ ፍሪሲዮኑ ወይም ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርስልሃለች።

መፈተኛ ዳገትም ምረጥ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የሚነዳባት ከተማ ናት፤ ሞተር ለመፈተን ግን አትመችም። አባይን ተሻግረህ የቤዛዊትን ዳገት ሞክር። ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለህ ሰው ዳገት ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። ዋናው ነገር ሁሌም ያው ዳገት፣ ያው ጭነት መሆኑ ነው። አንድ ቀን ብቻህን፣ ሌላ ቀን ጤፍ ጭነህ የፈተንከው ፈተና አይባልም።

ሞተሩ ነው የደከመው ወይስ ጎማው ጋ አልደረሰም?

ሞተሩን አጥፋ። የፍሪሲዮኑን ማኔታ (መሪው ላይ ያለውን መጨበጫ) ጨብጠህ ሳይክሉን ግፋው። በቀላሉ መንከባለል አለበት። ከከበደህ የኋላውን ጎማ አንስተህ በእጅህ አዙረው። ፍሬኑ ጠርዙን እየነካው ይሆናል፤ ኩሽኔታው ደርቆ ይሆናል፤ ጎማው ነፋስ አንሶት ይሆናል። ካቴናውንም እይ። መሃሉን በጣት ስትጫነው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። አንድ ቦታ ለክተህ አትተወው፤ ጎማውን እያዞርክ ደጋግመህ ሞክር። ከኋላ ከራጂዎቹ ጋር የሚታሰረው ባለ ጥርስ ማዞሪያ መሃሉን ስቶ ከታሰረ ካቴናው አንዱ ጋ ይረግባል፣ ሌላው ጋ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ያ ውጥረት ጉልበት ይበላል።

አሁን ማኔታውን ልቀቅና እንደገና ግፋ። ሞተሩ አብሮ መዞርና መታገል አለበት። ሳይታገል ከተንከባለለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። መንገድ ላይ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ ሳይክሉ ግን አይፈጥንም። መጀመሪያ ፊሎውን (ከማኔታው የሚሄደውን የሽቦ ገመድ) አላላው፤ ማኔታው ጋ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ልቅ ይኑረው። ካልተሻለው በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ክፈት። መሃል ላይ ያለውን ባለ ጥርስ ዳዶ ማገጃ ቪቷን ነቅለህ በአንድ ጥርስ ብቻ አጥብቀው፣ ቪቷን መልስ፣ ሞክር። ክዳኑን ስትከፍት ግራሶ ተጨማልቆ ካገኘህ ምክንያቱን አገኘኸው። ግራሶ ለጥርሶቹ ትንሽ ይበቃቸዋል። ሲበዛ ተረጭቶ የፍሪሲዮኑ ሸራ ላይ ያርፋል። ሸራዎቹን አውጥተህ በቤንዚን እጠባቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስላሳነታቸውን አንሳላቸው።

ቤንዚኑ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። የሞተር ሥሩ ሰልባትዮው፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ነው።

ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ብዙዎቻችን መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እንገዛለን። ሻጩ «ንጹህ ነው ወንድሜ፣ ከማደያ ነው የቀዳሁት» ይልሃል። ሊሆን ይችላል። አንተ ግን መርምረው። ጥቂቱን ጥርት ባለ ጠርሙስ ቅዳና ሌሊቱን ሳትነቀንቀው አሳድረው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ካለበት ታች ተለይቶ ይተኛል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣልና ጠብቅ። ንጹህ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታም እድፍ ይተዋል። ይህን ሙከራ ዘይት ከመቀላቀልህ በፊት አድርገው፤ ዘይት የገባበት ሁሉ ያድፋል። ነጭ ጋዝ የበዛበት ቤንዚን ለመነሳት ያስቸግራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ዳገት ላይም ሞተሩን ያንኳኳዋል።

ዘይቱን በዓይን አትገምት። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዛ። የለመደ ሞተር ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ይበቃዋል፤ ይህም 25 ለ 1 ነው። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሊትሮች 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። «ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ያርሰዋል፣ ማርሚታውን ያፍነዋል። ከመኪና ሞተር የወጣ ዘይት ግን በነፃ ቢሰጡህም እንዳትጨምር።

ቤንዚኑ ደህና ከሆነ ወደ ካርቡራተሩ መድረሱን አረጋግጥ። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅለህ ቧንቧውን ክፈት፤ ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ደህና ጀምሮ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከቀጠነ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈትለት። ወዲያው ከበረታ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሳይክሉ ትንሽ ሄዶ የሚደክም፣ ቆም ሲል ደግሞ የሚሻለው ከሆነ ይህችን ቀዳዳ አትርሳ። ክዳኑን ከፍተህም ካልበረታ ቧንቧውን ንቀል። ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት ዝገት ይዛ ታገኛታለህ።

ማጣሪያና ካንዴላ

በበጋ በመራዊ ወይም በቡሬ ዙሪያ በቀይ አፈር መንገድ የሄደ ሰው የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ይየው። ስፖንጁን በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ዘይት ነክረህ ጨምቀህ መልሰው። ማጣሪያውን አውልቀህ ጥቂት ሜትር ስትነዳ ከተሻለው ችግሩ እሱ ነበር። ግን ያለ ማጣሪያ አትክረም፤ ያ አፈር ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ካንዴላውን ለመፍታት ሞተሩ ይብረድ። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት። መሃል ያለው ሸክላ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፣ አለዚያም እሳቱ ደካማ ነው። ነጭ ሆኖ ትንንሽ እብጠት ካየህበት አየር በዝቷል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ እየጋለ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ሌላ ዳገት እንዳትወጣበት። ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሞተሩ ጋር የሚመጣውን ካንዴላ እኔ ብዙም አላምነውም። ደህና ካንዴላ ርካሽ ነው፤ ስትቀይረው ግን የክሩ ርዝመት እኩል መሆኑን ጎን ለጎን አስተያይተህ አረጋግጥ። ክሩ የረዘመ ካንዴላ ፒስቶኑን ይመታል።

ካርቡራተሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ። በእኛ አገር ከፍታ አብዛኛው ጉልበት የሚባክነው እዚህ ነው።

ማጣሪያውን አውልቀህ በካርቡራተሩ አፍ ወደ ውስጥ እያየህ የነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው አዙር። ውስጥ ያለው ተንሸራታች በር ሙሉ በሙሉ መነሳትና መንገዱን መልቀቅ አለበት። ግማሽ ላይ ከቆመ ፊሎው ረዝሟል ወይም ታጥፏል። ጉልበት አጣ የተባለ ሳይክል አንዳንዴ በሩ ስላልተከፈተለት ብቻ ነው። የቾኩንም (ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰውን) ማንሻ እይ፤ በንዝረት ራሱ እየተንቀሳቀሰ ግማሽ ላይ የሚዘጋ አለ።

ቀጥሎ ታች ያለችውን የቤንዚን ጽዋ ፍታ። ቆሻሻ ወይም የውሃ እንክብል ካለባት አጽዳ። መሃል ላይ ያለችውን፣ ቤንዚን በቀዳዳዋ የሚያልፍባትን የነሐስ ጄት ነቅለህ ወደ ሰማይ አድርገህ አሻግረህ እይ፤ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ከተደፈነች ሽቦ አትክተትባት፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ጣና ዳር ያለህ ሰው ከዓሣ መረብ የተረፈ የናይለን ክር ይበቃሃል። ከዚያ ንፋባት።

አሁን ወደ ልኩ። እነዚህ ካርቡራተሮች ከፋብሪካ የሚመጡት ለዝቅተኛ ቦታ ተስማምተው ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ሞተሩ ነዳጅ ስትጨምርለት «ቡር… ቡርቡር» እያለ ይንተባተባል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ባለቤቱ ደግሞ ፋሻ ያስቀይራል።

ማረጋገጫው ይኸውልህ። ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ፣ ነዳጁን ሙሉ ሰጥተህ እየሄድክ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ። ጽዋው ውስጥ ያለው ሊያልቅ ሲል ሞተሩ ድንገት ነፍስ ዘርቶ ከፈጠነ ቤንዚን በዝቶበት ነበር ማለት ነው። ወዲያው ቧንቧውን መልሰህ ክፈት። ሳይፈጥን ዝም ብሎ ከሞተ ልኩ አልበዛም። በተቃራኒው ቾኩን ትንሽ ስትዘጋለት የሚበረታ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል።

በዝቶ ከሆነ ከመርፌው ጀምር። ከተንሸራታቹ በር ጋር የምትነሳዋ መርፌ አናቷ ላይ የተወሰኑ ትንንሽ ጎድጎዶች አሏት፤ ክሊፗ አንዱ ላይ ትቀመጣለች። ክሊፗን አንድ ጎድጎድ ወደ ላይ አውጣት። መርፌዋ ትወርዳለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ይህ የሚያስተካክለው ግማሽ ነዳጅ ላይ ያለውን አካሄድ ነው። ሙሉ ነዳጅ ላይም የሚንተባተብ ከሆነ ጄቷ መቀየር አለባት። ቁጥሯ 70 ከሆነ 66 ወይም 64 ሞክር። አንድ ደረጃ ቀንስ፣ ዳገቱን ውጣ፣ ካንዴላውን እይ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። ለማርቆስ ወይም ለእንጅባራ የቀነስከው ልክ ለቆላ አይሆንም። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ስትወርድ ከፍታው በብዙ መቶ ሜትሮች ይቀንሳል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። አየሩ ሲወፍር ያቺ ትንሽ ጄት ቤንዚን ታሳንሳለች፤ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑም ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። በረሃውን በሳይክል መውረድ ጤነኛ ሐሳብ ነው ወይ የሚለውን ለአንተ ልተወው። ከወረድክ ግን ነዳጁን ዘግተህ ሞተሩ ሳይክሉን እንዲይዝልህ አታድርግ። ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ነዳጅ ሲዘጋ በፍጥነት እየዞረ ዘይት ያጣል። ማኔታውን ጨብጠህ በፍሬን ውረድ፣ መሃል መሃል ላይ እየቆምክ ጠርዙን አብርድ።

ማርሚታው

ብዙ ዘይት የጠጣ ሞተር ጭሱ መውጫ ያጣል። ማርሚታውን ፍታና ሲሊንደሩ ላይ ያለውን መውጫ ቀዳዳ በባትሪ እይ። ጠርዙ ላይ ጥቁር፣ ድርቅ ያለ ቅርፊት ይጋገራል፤ አንዳንዴ ግማሹን ቀዳዳ ይሸፍናል። ከመቧጨርህ በፊት ሳይክሉን ቀስ ብለህ በመግፋት ፒስቶኑን ወደ ላይ አውጣው፤ የፒስቶኑ ጎን ቀዳዳውን ይዘጋውና ፍርፋሪ ወደ ውስጥ አይገባም። የምትቧጭረው በእንጨት ይሁን፤ ብረት ፒስቶኑን ይቧጥጠዋል። ከማርሚታው ጫፍ ደግሞ ቪቷን ነቅለህ የውስጡን ቱቦ ሳብ፤ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ብሩሽ ክፈት። ስትመልሰው ጓርኒሲዮኑ የተቀደደ ከሆነ ቀይረው።

የማይፈለግ አየር

ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ራሱ የሚወጣ፣ ነዳጅ ስትዘጋ ቶሎ የማይረጋ ሞተር የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ጓርኒሲዮን ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ የሳሙና ውሃ በብሩሽ መጋጠሚያው ላይ ቀባ። ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው። ዳዶዎቹን አጥብቅ፣ ካልሆነ ጓርኒሲዮኑን ቀይር።

እሳቱ

ክረምት ላይ ከዝናብ በኋላ የመጣ ድካም ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ነው። የማጥፊያውን ሽቦ ለጊዜው አላቅቀህ ሞክር፤ ከተሻለው ማጥፊያው እሳቱን እያፈሰሰ ነበር። ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር በደንብ መታሰሩን እይ። ነጩን ሽቦ ለመብራት የተጠቀመበት ሰው ለሙከራ ይንቀለው፤ እሱ ከሞተሩ እሳት ላይ ነው የሚቀንሰው። በግራ በኩል ያለውን የማግኔቱን ክዳን ክፈትና ውስጡ ደረቅ መሆኑን አረጋግጥ። ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳ በሲሊኮን ይታሸግ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከደከመ

አሁን ኮምፕሬሽኑን (ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት) ፈትሽ። በመለኪያ የሚለካልህ ሜካኒክ ካገኘህ አንድ ነገር አስታውሰው። ባሕር ጠለል ላይ 100 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 80 አካባቢ ነው የሚያነበው። ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ብቻ አስተያይቶ «አልቋል» ቢልህ አትቸኩል።

ኮምፕሬሽኑ ከዚያም በታች ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። በግልጽ ከጨመረ ፋሻው ነው። ካልጨመረ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥር፤ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መሃል ቅባታም ጥቁር ምልክት ይታያል። ሞተሩ በርዶ ሳለ አራቱን ዳዶ በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ቴስታታው ይጣመማል።

ፋሻው ከሆነ ቴስታታውንና ሲሊንደሩን አውጣ። መጀመሪያ ግን የሞተሩን ሆድ በንጹህ ጨርቅ ድፈነው፤ አንድ ፍርፋሪ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው። የድሮውን ፋሻ ነቅለህ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባውና በፒስቶኑ አናት ገፍተህ አስተካክለው። የጫፎቹ ክፍተት ከ0.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ አልቋል። አዲሱን ስታገባ በፒስቶኑ ቦይ ውስጥ ያለችው ትንሽ ችካል በሁለቱ ጫፎች መሃል መሆኗን እይ፤ ከተደራረቡባት ሲሊንደሩን ስትመልስ ፋሻው ይሰበራል። ፒስቶኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ይዙር። የሲሊንደሩን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ፤ የብዙዎቹ አሉሚኒየም ላይ የተለበጠ ስስ ክሮም ነው፣ ከተላጠ አይመለስም።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ሰልባትዮ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 60 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርገህ ቀላቅል። ሙሉ ነዳጅ አትስጥ፤ ዳገት ላይ በፔዳል አግዘው። ያ ሲያልቅ ወደ 40 ተመለስ፣ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅና ዳገቱን ሞክር።